የተናገሩት ከሚጠፋ

ጋሽ በላቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሥራ ቦታ ሆኜ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አንድ ሽማግሌ የኢንሹራንስ ካርዳቸው ጠፍቶባቸው ኪሳቸውን ሲያገላብጡ ውድብሪጅ የምትኖረው ጓደኛዬ አስናቀች ኮል አደረገችልኝ። ጋሽ በላቸው ተኝተው በዚያው ቀሩ አለችኝ። ነፍስ ይማር ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሽማግሌውም ካርዳቸውን አገኙ፣ እኔም ኮፒ አድርጌ መለስኩላቸው። እንባ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

ጨካኝ ሆኜ አይደለም። እኔ በማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ከቤተሰቡ በላይ የማነባ ሴት ነኝ፤ አስናቀች ሁልጊዜ በዚህ ትተርበኛለች። ግን ከጋሽ በላቸው ጋር ዓመት ሊሞላን ነበር ከተኳረፍን። ማኩረፍ ብቻም አይደለም፣ ሁለተኛ ደጃቸውን አልረግጥም ብዬ ምያለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ አባት ያየሁትን ሰው ነው እንግዲህ።

ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ። ጋሽ በላቸው ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ የጥገና ኃላፊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ተማሪ ሳሉ ታስረው፣ ሲፈቱ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ በስደተኝነት ነው እዚህ የደረሱት። ስፖንሰር ያደረጓቸው ሚስተር ሃዋርድ የሚባሉ ጡረተኛ ወታደርና ባለቤታቸው ናቸው። ባልና ሚስቱ የለየላቸው ወግ አጥባቂዎች፣ ምልክቱ ዝሆን የሆነው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። የማያውቁትን ጥቁር ልጅ ከኤርፖርት ተቀብለው፣ ቤዝመንታቸው ውስጥ ስምንት ወር አኖሩት። ዜግነት ባገኙ ቀን ሚስተር ሃዋርድ ከገዛ ኮታቸው ላይ ትንሽዬ የዝሆን ፒን ነቅለው የጋሽ በላቸው ኮት ላይ ሰኩላቸው። ያቺ ፒን ከዚያ ወዲያ ከደረታቸው ወርዳ አላየሁም።

ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተውባቸዋል፣ ልጅ አልወለዱም። እኔ የተዋወቅኳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ውስጥ፣ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ አበሾችን በሚያስተምሩበት የቅዳሜ ክላስ ነው። በየሳምንቱ ከአሌክሳንድሪያ ድልድዩን ተሻግረው፣ ያን ሁሉ ትራፊክ ችለው ይመጣሉ፤ በነፃ። ሱፍ ለብሰው፣ ግራጫ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የሱሪያቸው ስለት ሽንኩርት ይከትፋል። መጀመሪያ ቀን ቦርዱ ላይ በትልቁ «መንግሥት ትንሽ፣ ቃል ትልቅ» ብለው ጻፉና፣ ወግ አጥባቂነት ማለት ይህችው ናት፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው አሉን። ትልቅ መንግሥት ምን እንደሚመስል እስር ቤት ሆነው አይተውታል፤ በዚህ ጉዳይ ማንም አይከራከራቸውም ነበር።

መኪና መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ የሚሠሩበት ሕንፃ ፓርኪንግ ባዶ ይሆናል። በዚያ ባዶ ሜዳ መሀል አንድ ስቶፕ ሳይን አለ። ሰው የለ፣ መኪና የለ፣ ድመት እንኳን የለም። ጋሽ በላቸው ግን መኪናው ቀጥ ብሎ ካልቆመ አይለቁኝም፤ ጣታቸውን እያነሱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ሂጂ ይሉኛል። ማን ያየናል ብላቸው፣ «እኔና አንቺ» አሉኝ። ክላሱ ውስጥ ስማቸው «ስቶፕ ሳይን» ሆኖ ቀረ። ያውቁታል፣ ደስም ይላቸው ነበር።

አሁን ወደ ሕሊና ልምጣ። ሕሊና የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ስትሞት ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ እማዬ የምትለውም እኔን ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላት አጎቴ ቤት ትቻት መጣሁ። ወረቀቴ እንደተስተካከለ እሷን የማመጣበትን ፎርም ሞልቼ ጋሽ በላቸው ጋ ሄድኩ። «ልጆች» የሚለው ቦታ ላይ ስሟን ጽፌያለሁ። ለእኔ ይህ ውሸት አልነበረም፣ ዛሬም አይደለም። በእኛ ዘንድ ያሳደገ ወለደ ነው። ስንቱ የእህቱን፣ የወንድሙን ልጅ ልጄ ብሎ በዓመቱ አምጥቷል፣ እኔ አገር ምድሩ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት።

ጋሽ በላቸው ፎርም ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ሳያነቡ አያልፉም። አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ከደኑት፤ ይህ ማለት ገና አይፈረምም ማለት ነው።

«ይህቺን ልጅ አንቺ ነሽ የወለድሻት?»

እማዬ የምትለው እኔን ነው አልኳቸው።

«ለእግዜር ልጅሽ ናት። ለመንግሥት የእህትሽ ልጅ ናት። አንዴ ከዋሸሽ ዕድሜሽን ሙሉ ኮቴ በሰማሽ ቁጥር ትደነግጫለሽ። በቀጥተኛው መንገድ ሂጂ፣ ሕጉ ቃሉን ይጠብቅልሻል። ምስክሩ እኔ ነኝ።»

አለቀስኩ። ለመንኳቸው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለው ተረቱብኝ። መውለዱን ሳያውቁት ተረቱ ቀለላቸው ብዬ በሆዴ ረገምኳቸው። ግን ፎርሙን ቀደድኩት።

ቀጥተኛው መንገድ አራት ዓመት ፈጀ። የጉዲፈቻ ውሳኔ ከፍርድ ቤት፣ ምስክር፣ ትርጉም፣ ማኅተም፣ የጠፋ ዶሴ፣ እንደገና ማኅተም። እያንዳንዱን ወረቀት ጋሽ በላቸው ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበቡ ነው ያለፈው። ሚስተር ሃዋርድም ለወረዳቸው የኮንግረስ ተመራጭ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ይህቺ ሴት መዋሸት ስትችል እውነቱን መርጣለች፣ እኛ እንዲህ ያለውን ሰው ካላከበርን ምን ልናከብር ነው የሚል ደብዳቤ። ቅጂው እስከ ዛሬ አለኝ።

ሕሊና ስትመጣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ጋሽ በላቸውና ሚስተር ሃዋርድ ከኔ ቀድመው አበባ ይዘው ኤርፖርት ቆመዋል። ልጅቷ ከበሩ ወጣች፣ ረዝማለች፣ ሮጬ አቀፍኳት። ትከሻዋን ሰብስባ፣ እንደ እንግዳ ጉንጬን ስማ፣ «እንደምን ነሽ አክስቴ» አለችኝ። ጋሽ በላቸው «አየሽ፣ ሕጉ ቃሉን ጠበቀ» ብለው በመሐረብ እንባቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር። ሕሊና ዛሬ ነርስ ናት፣ ጀርመንታውን ቤት ገዝታለች፣ ትወደኛለች። እስከ ዛሬም የምትጠራኝ አክስቴ ብላ ነው።

ይሁንና አልተጸጸትኩም። እውነቴን ነው። ኮቴ ሰምቼ ደንግጬ አላውቅም፣ ይህን ያገኘሁት ከጋሽ በላቸው ነው። ዜጋ ስሆን እሳቸው የመረጡትን መረጥኩ። ለፓርቲው የበጋ ፒክኒክ አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር አብረን እንሄድ ነበር። ሽማግሎቹ ፓይ እየቆረሱ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ነፃ ገበያ፣ ስለ ቤተሰብ ያወራሉ፣ ጋሽ በላቸውን መሀል አስቀምጠው ስለ እስር ቤቱ ያስተርኳቸዋል። ከኮሚኒስት ያመለጠ አንድ ስደተኛ ከእኛ ከአሥራችን በላይ ነፃነትን ያውቃል ይሉ ነበር ሚስተር ሃዋርድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ ካፌ ውስጥ «ሁለቱ ዝሆኖች መጡ» ተብሎ ይሳቅብናል፤ አበሻው ሁሉ ከሌላው ፓርቲ ጋር ነዋ። ጋሽ በላቸው ወንበር ስበው ይቀመጡና፣ ያኛው ፓርቲ ድምፃችሁን እንጂ ስማችሁን አያውቅም እያሉ አንድ በአንድ ይከራከሯቸዋል። ሲከራከሩ አይሳደቡም፣ ሲሸነፉ ማኪያቶውን እሳቸው ይጋብዛሉ።

ሚስተር ሃዋርድ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነገሩ መቼ እንደተለወጠ ቀኑን ቁረጪ ብትሉኝ አልችልም፣ ሽበት መቼ ወጣ እንደማለት ነው። ፓርቲው የሚሰበሰብበት አዳራሽ ያው አዳራሽ ነው፣ ወንበሩም ያው። ነፃ ንግድ ሲመሰገንበት የኖረው መድረክ ላይ ነፃ ንግድ ይረገም ጀመር። መንግሥት ቤታችን አይግባ ሲሉ የኖሩ ሰዎች፣ መንግሥት የጎረቤታቸውን በር ሲያንኳኳ ያጨበጭቡ ጀመር። ስደተኛው መጀመሪያ ምስክር ነበረ፣ ከዚያ ጉዳይ ሆነ፣ ከዚያ ጠላት። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ጋሽ በላቸውን ወደ አገርህ የምትመለሰው መቼ ነው ብሎ ጠየቃቸው። ይህን እየሳቁ ነው የነገሩን፣ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ሲከፋቸው መነጽር ይጠርጋሉ፣ ክላሱ ሁሉ ያውቃል።

በመጀመሪያ «ሰዎቹ ናቸው እንጂ ፓርቲው አይደለም» ይሉ ነበር። ቆየት ብለው ማንኛውም ቤት እብድ አያጣም አሉ። ከዚያ እብዶቹም እውነት አላቸው፣ እኛው ስደተኞቹ ነን ያበዛነው ማለት መጣ። የድንበሩን ትርምስ እዩት፣ ቀጥ ብሎ ወረፋ የያዘው ሰው ሞኝ ሆነ አሉ፤ በዚህስ አልፈርድባቸውም፣ እኔም የማስበው ነበር። ግራጫዋ ባርኔጣ ቀርታ የአዲሶቹ መለያ የሆነችው ቀይ ኬፕ መጣች። ቅዳሜ ክላሱ ላይ የሚመጣው ሰው አነሰ፣ በመጨረሻ ተዘጋ። እኔ ድምፄን ለእነሱ መስጠት ካቆምኩ ቆየሁ፣ እሳቸውን መጠየቅ ግን አላቆምኩም። እሑድ እሑድ ሹሮ ይዤላቸው እሄዳለሁ፣ ቴሌቪዥኑን ዝጉልኝ እላቸዋለሁ፣ ይዘጉታል።

የቀረው የወንድሜ የታደሰ ነገር ነው። ዜጋ ከሆንኩ በኋላ ጋሽ በላቸው ራሳቸው ገፋፍተውኝ ለታደሰ አፕላይ አደረግን። የወንድም ወረፋ ረጅም ነው፣ አሥር ዓመት አለፈ፣ አሥራ አምስትም አለፈ። በቱሪስት ቪዛ መጥቶ እዚሁ ይቅር ያሉኝ ነበሩ። በሜክሲኮ ድንበር ይሻገር ያሉኝም ነበሩ። እኔ የጋሽ በላቸው ተማሪ ነኝ፣ ወረፋህን ጠብቅ አልኩት። ጠጉሩ ሸበተ፣ የኩላሊት ሕመም ጀመረው፣ ጠበቀ። አምና በመጨረሻ የኤምባሲ ኢንተርቪው ቀጠሮ ወጣለት። ሱፍ አሰፋ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቀጠሮው እስከ ሌላ ማስታወቂያ ታግዷል የሚል ኢሜይል መጣ።

ኢሜይሉን ፕሪንት አድርጌ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ጋሽ በላቸው ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ይህ ልክ አይደለም አሉ፤ ሕገወጥ ሌላ፣ ወረፋ የጠበቀ ሌላ። በሚቀጥለው ሳምንት አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አለ፣ የኮንግረስ ተመራጩ ተወካይ ይመጣል፣ እኔም እንድናገር ተጋብዣለሁ አሉኝ። የታደሰን ነገር በስሙ ጠርተው፣ ወረፋ የጠበቀን ሰው በር ላይ መመለስ ነውር ነው ብለው ሊናገሩ።

«ቃሌ ነው» አሉኝ። «አንቺም ነይና ፊት ለፊት ተቀመጪ።»

ለታደሰ ደውዬ ነገርኩት። ጋሽ በላቸው ከተናገሩ ተናገሩ ነው አልኩት። ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ፣ ሳቀ።

ሄድኩ፣ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ስማቸውን አሳስተው ጠሯቸው፣ ጋሽ በላቸው ግን አላረሙም፣ ድሮ ቢሆን ያርሙ ነበር። ማይኩን ያዙ። እስር ቤቱን ተናገሩ፣ ሱዳንን ተናገሩ፣ ተጨበጨበ። እኔ በበሩ ነው የገባሁት አሉ፣ ተጨበጨበ። አሁን ይመጣል፣ አሁን ታደሰ ይላሉ ብዬ ቦርሳዬን ጨብጫለሁ። ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ። ይህቺ ሴት እዚህ ተቀምጣለች፣ ልጇን ለማምጣት አራት ዓመት ጠብቃለች፣ አንድም ቀን አላማረረችም አሉ። በር ደግሞ የቤቱ ባለቤት ሲፈልግ የሚከፍተው፣ ሲፈልግ የሚዘጋው ነው፣ ጥሩ እንግዳ ለምን ተዘጋ ብሎ አይጠይቅም አሉ። ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እጄን ጨበጠችኝ። የታደሰ ስም አልተነሳም።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ፓርኪንጉ ውስጥ ደረሱብኝ፣ ቀዩን ኬፕ በእጃቸው ይዘዋል፣ ያለከልካሉ።

«ቃልዎስ?» አልኳቸው።

ኬፑን በጣታቸው ያዞሩት ጀመር።

«ጋሽ በላቸው፣ ልጄን ልጄ እንዳልል ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎና ሕጉ አራት ዓመት በልታችሁብኝ እናትነቴን ቀማችሁኝ፣ እሺ አልኩ። ወንድሜን በወረፋ አስረጃችሁት፣ እሺ አልኩ። ምስክሩ እኔ ነኝ ብለውኝ አልነበረም?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ለመጥረግ እንኳ አልጠረጉትም፣ ዝም ብለው ያዙት።

«አርባ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ነው» አሉ። «ዛሬ ያንን ብናገር ነገ አያስቀምጡኝም። በዚህ ዕድሜዬ የት ሄጄ ልቀመጥ?»

እኔ ቤት አልኩ በልቤ። እኔ ቤት ነዋ፣ ሠላሳ ዓመት ሹሮ የሚመጣልዎ ከየት መስሎዎት ነው። በአፌ ያወጣሁት ግን ሌላ ነው። ሁለተኛ እንዳይደውሉልኝ ብዬ ዞርኩ። እሳቸው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ፓርኪንጉ መውጫ ላይ ስቶፕ ሳይን አለ፣ መንገዱ ባዶ ነው። ቆሙ። የኋላ መብራታቸው በርቶ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ሄዱ። መጨረሻ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ደውለዋል፣ ሁለት ጊዜ። አላነሳሁም።

ቀብር አልሄድም ብዬ ነበር። ሕሊና ናት፣ «አክስቴ፣ ኤርፖርት አበባ ይዘው የጠበቁኝ ሰውዬ ናቸው» ብላ ያስነሳችኝ። አሌክሳንድሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን፣ እድሩ ሁሉን አዘጋጅቷል። ከአዳራሹ ሰዎች ያየሁት ሰው የለም። ሚስስ ሃዋርድ ብቻ በዊልቸር መጥተዋል፣ ዘጠና አልፏቸዋል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ከፓርቲው እሳቸው ከወጡ ብዙ ዓመት እንደሆናቸው የነገሩኝ ያን ቀን ነው። በላቸውንም ተወው፣ የሃዋርድ ፓርቲ አይደለም አሁን እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩት አሉኝ።

«ምን አሉዎት?»

«ሃዋርድ ይቺን ፒን ሲሰኩልኝ አላወልቃትም ብዬ ቃል ገብቻለሁ አለኝ።»

ሳጥኑ ሳይዘጋ አየኋት። ዝሆኗ ደረታቸው ላይ ናት። አሁን ማን ይሙት፣ አንድ ሰው በሕይወቱ ያለውን ቃል ሁሉ ለብረት ጠብቆ ለሰው ሲያጣ ምን ይባላል። ተናደድኩ። እዚያው ሳጥኑ ራስጌ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ ሲያነባ እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ። አስናቀች ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

ወደ መቃብሩ ስንወጣ የቀብር አስፈጻሚው በየመኪናው እየዞረ፣ መስኮት እያንኳኳ አስጠነቀቀን። አደጋ መብራታችሁን አብሩ፣ ፖሊስ መንገድ ይዞልናል፣ ቀይ መብራትም ሆነ ስቶፕ ሳይን ላይ እንዳትቆሙ፣ ከፊታችሁ ያለውን ብቻ ተከተሉ አለን። ሕሊና አጠገቤ ተቀምጣለች። የጋሽ በላቸው አስከሬን ከፊት፣ እኛ ከኋላው ሰልፍ ይዘን ወጣን። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስቶፕ ሳይን ነበር። አስከሬኑ ሳይቆም አለፈ። ሁለተኛው መኪና አለፈ፣ ሦስተኛውም።

እኔ ስደርስ እግሬ ፍሬኑን ረገጠ። አውቄ አይደለም፤ ያን እግር ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። ከኋላዬ ያለው ጡሩንባውን ነፋ። እኔ እየቆጠርኩ ነበር። አንድ። ሁለት። ከኋላ ያሉት እየዞሩ በጎናችን አለፉ፣ እያለፉም አደጋ መብራታቸው ቦግ እልም ይላል። ሦስት ብዬ ቀና ስል መንገዱ ባዶ ነበር።

«አክስቴ» አለች ሕሊና ቀስ ብላ፣ «ጥለውን ሄዱ እኮ።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት።